ሴባስቶፖል፣ ወናፍ እና የፕላዝማው ጠረጴዛ

በየሰፈሩ አዲስ የሚተከሉትን የግቢ በሮች ልብ ብላችኋል? ድሮ የብረት በር ማለት ላሜራ በቱቦላሬ ፍሬም ላይ ተበይዶ፣ ቀይ ጸረ ዝገት ተቀብቶ፣ ቢበዛ ከአናቱ ላይ ጦር የመሰለ ፌሮ ተሰክቶበት የሚቆም ነበር። አሁን ግን ላሜራው ራሱ ሐረግ ይስባል፤ አበባ ያወጣል፤ አንበሳ ይቆምበታል። በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት እንጂ ብረት አይመስልም። መቀሱ ፕላዝማ ይባላል። በኮምፒውተር እየታዘዘ ከአልጋ በሚሰፋ ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት፣ ብረትን በኤሌክትሪክና በአየር የሚቆርጥ ማሽን ነው።

ፋሽን እንደ ወሬ ነው፤ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል። እስቲ አንድ ወርክሾፕ እናስብ። ቦታው ሸዋ ቤንች ይሁን፤ በቀድሞው አጠራር ሸዋ ጊሚራ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ። አምስት ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው በርና መስኮት ይበይዳሉ፤ የቡና መፈልፈያ ይጠግናሉ፤ የጋሪ ሻንሲ ይሠራሉ። ትንሽ ቆጥበዋል፤ ብድርም ተፈቅዶላቸዋል እንበል። አሁን የመጀመሪያውን የፕላዝማ ጠረጴዛ ሊገዙ ነው። የቱን ይግዙ?

አገራችን ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ትልቁን!» ትልቁን አምፔር፣ ትልቁን አልጋ፣ ብዙ መብራት የሚያብለጨልጨውን። እኔ ግን ልጆቹ ደላላ ጋ ከመሄዳቸው በፊት ታሪክ ጋ ጎራ ቢሉ እላለሁ። ምክንያቱም «ትልቁን» የሚለው መልስ 150 ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው፤ መጨረሻውም አያምርም።

መድፉ ቀረ፣ ወርክሾፑ ጠፋ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አንድ መድፍ ታገኛላችሁ። የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ አለ። ታሪኩን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ የሰማነው ግን ከጀግንነቱ በኩል ነው። ዛሬ ከወርክሾፑ በኩል እንየው።

አጼ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ በጣም የሚፈልጉት የእጅ ባለሙያ ነበር። የመጡላቸው ደግሞ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪስቾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት የተላኩ ወጣት ሚስዮናውያን ሆኑ። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምሩ ነበር አመጣጣቸው። ንጉሡ ግን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መንገድ እንዲሠሩ፣ ጠመንጃ እንዲጠግኑ፣ በኋላም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። እነ ቫልድማየር መድፍ ቀልጦ ሲፈስ አይተው አያውቁም። ሞከሩ፤ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ፤ ተሳካ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አብረዋቸው እንዲሠሩና እንዲማሩ ተመደቡ። ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያስቀና ነው። እሳት አለ፣ ስህተት አለ፣ ከስህተት የሚማር እጅ አለ፣ ለእጁም የሚተካ ልጅ ተመድቦለታል።

ከዚያ በኋላ ግን ንጉሡ ይበልጥ ትልቅ፣ ደግሞም ይበልጥ ትልቅ መድፍ ፈለጉ። ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሆኖ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። መንገዱ ፊት ፊቱ እየተቆረጠ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ሺዎች በገመድ እየጎተቱት ነው የሄደው። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ውጊያው ሲገጠም ወሳኙ ነገር የእንግሊዞቹ ፈጣን ጠመንጃ እንጂ የመድፍ ክብደት አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን ሁሉም አለቀ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሄዱ። ጋፋትም እሳቱ ጠፋ።

መድፉን ዛሬም ሄዳችሁ መንካት ትችላላችሁ፤ ወርክሾፑን ግን አታገኙትም። በእኔ እምነት የመቅደላ ትልቁ የቴክኖሎጂ ኪሳራ ይኸ ነው። በጋፋት የነበረው ውድ ነገር መሞከር የጀመረው እጅ ነበር። እሱን የሚያስቀጥል ሰው፣ ገበያና ጊዜ አልተገኘለትም። ሁሉም አቅም ለአንድ ግዙፍ ዕቃ ዋለ። ሸዋ ቤንች ያሉት ልጆች ትልቁን ማሽን በዕዳ ገዝተው፣ አንድ ሳንቲም የምታክል መለዋወጫ አጥተው ሸራ ሲያለብሱት፣ እነሱም የራሳቸውን ሴባስቶፖል አምባ ላይ አወጡ ማለት ነው።

ወናፍ የያዘው ሰው

ደቡብ ምዕራቡ የብረት ሥራን ከጋፋት አልተማረም። የራሱ ጥንታዊ ሙያ ነበረው። ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያሉት ዲሜዎች አፈሩን ቆፍረው፣ በሸክላ ምድጃ አቅልጠው፣ ብረት ለጎረቤት ሕዝቦች ሁሉ የሚሸጡ አንጥረኞች ነበሩ። ሙያቸው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ስለዘለቀ ተመራማሪዎች መጥተው መዝግበውታል። በካፋ ንጉሣዊ ሥርዓትም ብረት ቀጥቃጮቹ «ቀሞ» የሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ ወገን ነበሩ። ማረሻው፣ ጦሩ፣ ገጀራው ከእነሱ ወናፍ ሥር ይወጣል። ከገበሬው ጋር ግን አይጋቡም፤ ማዕድም አይጋሩም። ሰሜኑም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። ቀጥቃጩ «ጠይብ» ተብሎ ይሰደባል፤ ቡዳ ነው ይባላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። በማረሻው እያረሱ ሠሪውን የሚሸሹበት አገር ነበር።

በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ስለዚህ ጉዳይ ያወጡት አዋጅ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው መሳደብ ይቅር፤ ሁላችንም ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የተወለድን ነን፤ በሌላው አገር አዲስ ነገር የሠራ ሲከበር እኛ ግን እየሰደብን ሠራተኛ አሳጣን የሚል መንፈስ አለው። አዋጁ ትክክል ነበር። አዋጅ ግን ስድብን ከአደባባይ ያነሣል እንጂ ከሆድ አያወጣም።

ደቡብ ምዕራቡ ላይ ደግሞ ከስድብ የከፋ ነገር ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1897 ካፋ ከተያዘ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት በጊሚራና በማጂ የተስፋፋው የባሪያ ፍንገላ መንደሮችን አራቆተ። ሰው ሲጋዝ ሙያውም አብሮት ይጋዛል። ከዚያ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ የፈረንጅ ብረትም በርካሽ ገባ። አፈር ማቅለጥ ትርፍ አልባ ሆነ። ቀጥቃጩ ከአፈሩ ተለይቶ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ወደቀ። ዛሬ የቡና ጫካ የሚመነጠርበትን ገጀራ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሚያወጣ ባለ እጅ ስታዩ፣ የዚያን ሽግግር ውጤት እያያችሁ ነው። ሙያው አልሞተም፤ ጥሬ ዕቃውን ቀየረ።

ጣሊያንኛ የሚናገር ወርክሾፕ

የየትኛውም ከተማ በያጅ አጠገብ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ፌሮ፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ ይላል። ሳያውቀው ጣሊያንኛ እያወራ ነው። አምስቱ የወረራ ዓመታት፣ ከአስመራም በኩል የመጣው የጋራዥ ባህል፣ ለብረት ሥራችን አዲስ ቋንቋ ጥለውለት ሄዱ። ከቋንቋው ጋር አንድ ትልቅ ነገር መጣ፤ ብረትን በእሳት ከመቀጥቀጥ ይልቅ ቆርጦ መበየድ። ከዚህ በኋላ ብረት የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ መባሉ ቀርቶ «በያጅ» ሆነ። የሚገርመው ስድቡ አዲሱን ስም ተከትሎ አልመጣም። ያው ብረት ነው፤ ያው እሳት ነው፤ መነጽር ያደረገውን ግን ቡዳ የሚለው የለም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ የዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ነው። በርሜል ወደ ምድጃ፣ ቆርቆሮ ወደ ማንቆርቆሪያ፣ የተጣለ ወደ ተፈላጊ የሚለወጥበት ሰፈር። እዚያ ያሉ ሰዎች ማሽን ሲገዙ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ «ሲበላሽ የት አገኘዋለሁ?» ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ካታሎግ ይበልጣል።

ፕላዝማ ከየት መጣ?

ከፕላዝማ በፊት ላሜራና ወፍራም ብረት የሚቆረጠው በእጅ መጋዝ፣ በግራይንደር ወይም በኦክሲጅንና አሴቲሊን ነበር። አሴቲሊን ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ ኃይለኛ ነበልባል እንደሚሰጥ ፈረንሳዊው ለ ሻትልዬ እ.ኤ.አ. በ1895 አሳየ። መቁረጫው ግን አንድ ድክመት አለው። ብረቱን የሚቆርጠው በኦክሲጅን እያቃጠለ ስለሆነ፣ በቀላሉ የማይቃጠሉትን አይዝጌ ብረትንና አሉሚኒየምን አይደፍርም።

ይህን ለመፍታት ነው በአሜሪካ የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ሊንደ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሮበርት ጌጅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሣው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1957 ነው። ሐሳቡ ሲሰማ ቀላል ነው። የብየዳን የኤሌክትሪክ ነበልባል በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ፣ ጋዝ በኃይል ሲገፉበት ነበልባሉ ቀጥኖ ይጠነክራል፤ ሙቀቱ ወደ 20 ሺህ ዲግሪ ይደርሳል፤ ብረቱን አቅልጦ ቀላጩን ጠርጎ ይጥለዋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ከሆነ ዘር አይመርጥም። በኋላ ውድ በሆኑት ጋዞች ፈንታ ተራ የታመቀ አየር መጠቀም ሲቻል ማሽኑ ከትልልቅ ፋብሪካ ወጥቶ ወደ ትንንሽ ወርክሾፖች ገባ።

ሌላው ግማሽ ታሪክ ከሄሊኮፕተር ክንፍ ነው የመጣው። ጆን ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ አምራች የሄሊኮፕተር ክንፍን ቅርጽ በቁጥር አስልቶ ማሽንን በቁጥር ለማዘዝ ተነሣ። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1952 በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን አሳየ። የዛሬው «ሲኤንሲ» የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ሲረክስ ሁለቱ ታሪኮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። እነሆ ጠረጴዛው አሁን ሸዋ ቤንችን እያንኳኳ ነው።

አየሩን አድርቁ

ወደ ልጆቹ ምርጫ እንመለስ። ከታሪኩ የምንወስደው ምክር አንድ ነው፤ ማሽኑን ከሚሠራው ሥራ፣ ከሚበላው ነገርና ከሚጠግነው እጅ ተነሥታችሁ ምረጡ። በዝርዝር ሲታይ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሥራው። ያለፉት ሁለት ሦስት የቡና ወቅቶች ትእዛዝ ደብተር ላይ ይጻፍ። የበር ላሜራ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመፈልፈያና የጋሪ ክፍሎች ከ4 እስከ 8። ለዚህ ከ40 እስከ 60 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ይበቃል፤ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ በሥርዓት ይቆርጣል። 120 አምፔር የሚገዛ ሰው በዓመት አንዴ ለሚመጣ ወፍራም ብረት ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ይከፍላል። ያ ወፍራም ብረት ሲመጣ ኦክሲጅንና አሴቲሊን አሉ።

ሁለተኛ ኤሌክትሪኩ። ማሽኑ፣ ኮምፕሬሰሩና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ሲነሡ የወርክሾፑ መስመር ይችላል ወይ? ስሪ ፌዝ አለ ወይ? ከሌለስ የሚገባው መቼ ነው? ማሽኑ ከተገዛ በኋላ ትራንስፎርመር መጠበቅ መድፍ ቀድሞ መንገድ በኋላ መቁረጥ ነው። መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ የተጀመረው ላሜራ እንዳይበላሽ፣ ካቆመበት የሚቀጥል መቆጣጠሪያና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ባትሪ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ አየሩ። እዚህ ላይ ደቡብ ምዕራብ ከአዲስ አበባም ከድሬዳዋም ይለያል። የሚዛን ተፈሪ አካባቢ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ለቡናው በረከት ነው፤ ለፕላዝማ ግን ፈተና ነው። ኮምፕሬሰር እርጥብ አየር ሲያምቅ ውሃ ይወጣዋል። ያ ውሃ ቶርቹ ጋ ሲደርስ ኖዝልና ኤሌክትሮድ ቶሎ ይበላሉ፤ ቁርጡም ይጎረብጣል። በኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ያለችው ሃፍኒየም የምትባል ትንሽ ፍሬ ውድ ናት። ስለዚህ ከበጀቱ ላይ መጀመሪያ መነካት የሌለበት የአየር ማድረቂያውና ማጣሪያው ነው። ማሽኑ በደቂቃ ወደ 200 ሊትር አየር በ5 ወይም 6 ባር ይፈልጋል። ርካሽ ኮምፕሬሰር ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚስበው አየር ነው፤ የሚያወጣው ከዚያ ያንሳል። «የሚያወጣው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ሻጮች የማያነሡት ነገር፤ ማሽኑ ነበልባሉን እንዴት ነው የሚለኩሰው? በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚለኩሱ ርካሽ ማሽኖች በእጅ ሲቆረጥባቸው ደህና ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ሲሰቀሉ ግን የሚረጩት ሞገድ ኮምፒውተሩን ያሳብደዋል፤ አንበሳው ግማሽ ላይ ጅራቱን ያጣል። ለጠረጴዛ በአየር ግፊት የሚለኩስ ይመረጣል። ቶርቹ ከላሜራው ያለውን ርቀት በራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያም መኖር አለበት። ቀጭን ላሜራ ሲሞቅ ይነሣል፤ ቶርቹን ይመታል።

አምስተኛ ጠረጴዛው። ገበያው ላይ የምታገኙት ላሜራ 1 በ 2 ሜትር ከሆነ ጠረጴዛው እሱን በምቾት ይያዝ፤ ከዚያ በላይ የወርክሾፕ ኪራይ መብላት ነው። ደግሞ ፍሬሙን ለምን ከውጭ ታስመጣላችሁ? እናንተ እኮ በያጆች ናችሁ። ሀዲዱ፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው ይገዛ፤ ፍሬሙ፣ የውሃ ገንዳውና ብረቱ የሚያርፍባቸው ምላሶች እዚያው ይሠሩ። በትክክል ስኩዌር መሆኑን ደጋግሞ መለካት ይጠይቃል፤ ግን ጠረጴዛውን የበየደ እጅ ሲበላሽም አይፈራውም። ገንዳው ውሃ ይኑረው፤ ጭሱንና ብናኙን ይይዛል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ስለሚያመጣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታም ያስፈልጋል።

ዕዳውስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ማሽኑም አላቂ ዕቃውም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው የሚተኛው በዶላር ላይ ነው። ስለዚህ የጠረጴዛ ዋጋ ሲጠየቅ የአንድ ዓመት ኖዝልና ኤሌክትሮድ አብሮ ይደመር፤ አብሮም ይገዛ። የብድሩ መክፈያ ደግሞ ከቡናው ጋር ይሂድ። በዚያ አገር ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ቡና ሲለቀም ነው፤ በክረምት በር የሚያሠራ ጥቂት ነው። በየወሩ እኩል ክፈሉ የሚል ውል ከመፈረም በፊት መደራደር ያዋጣል።

ከዚህ የሚቀል መንገድም አለ። መጀመሪያ ለጠረጴዛ የሚሆነውን የፕላዝማ ማሽን ብቻ ግዙ። ከእንጨት በተሠራ ሞዴል እየተመራችሁ በእጅ ቁረጡ። አንድ የቡና ወቅት ሥሩበት፤ አየሩን ማድረቅ ልመዱ፤ አላቂው በስንት ሜትር ቁርጥ እንደሚያልቅ መዝግቡ። ትእዛዙ እጃችሁን ሲቀድመው ጠረጴዛውን ሥሩለት። ጋፋትም እኮ የተሳካለት በትንሹ ጀምሮ ከስህተቱ በተማረባቸው ዓመታት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከአምስቱ አንዱ ወይም አንዷ ሥዕሉን በኮምፒውተር መሳል ይማራሉ። ጥሩ ነው። ግን ያ ሰው እጁ ንጹሕ ስለሆነ «ኦፕሬተር»፣ ሌሎቹ ጥቁር ስለሆኑ «ሌበር» የሚባሉበት ቀን ከመጣ፣ በ1900 የታወጀው አዋጅ ዳግም ያስፈልገናል ማለት ነው። ሳዩ ይበይድ፤ በያጁ ይሳል፤ ኖዝል መቀየር ለሁሉም ይዳረስ። አንዱ ልጅ ጅማ ወይም አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ፣ እንደ ጋፋት እሳቱን ይዞት አይሂድ።